አልበሙ ሳይሰማ ባንዱ ፈረሰ፦ የሪፊውዝድ «ዘ ሼፕ ኦፍ ፓንክ ቱ ከም»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳውንድ አከራያለሁ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የሱቅ መክፈቻ፣ የሠፈር ኳስ ዋንጫ፤ የጠራኝ ሁሉ ጋ ሞንታርቦና ሚክሰሬን ጭኜ እሄዳለሁ። ደብረ ሲና ወርጃለሁ፣ ሞላሌ ወጥቻለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ የጋለ አምፕ ሳራግብ አምሽቻለሁ። የሙዚቃ ሐያሲ አይደለሁም። ድምፅ እያስተካከልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ሲዲም የምመዝነው በዚያው ጆሮ ነው።

ሲዲው «ዘ ሼፕ ኦፍ ፓንክ ቱ ከም» ይባላል። ሪፊውዝድ የተባለው የስዊድን ባንድ በ1998 ያወጣው ሦስተኛ አልበም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) 12 ዘፈን አለው፤ 55 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ስዊድን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ከሻንጣው አውጥቶ «አንተ ድምፅ ትወዳለህ፣ እስቲ ይህን ስማው» ብሎ ሰጠኝ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ግዙት፣ ወይ በስልካችሁ ፈልጉት፣ ወይ ካለው ሰው ተዋሱት፤ ብቻ ስሙት። እንደኔ ድምፅ ላይ የምትሠሩ ሰዎች ለአሠራሩ ስትሉ ስሙት። ባንድ ለማቋቋም የምታስቡ ልጆች ደግሞ ከአልበሙ ጋር የባንዱን ታሪክም እወቁት። እነዚህ ሰዎች ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ጨርሰው፣ ሥራው ሰው ጆሮ ሳይደርስ ተበታተኑ። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ሪፊውዝድ ለሚጫወተው፣ ፖስት ሃርድኮር ለሚባለው ሙዚቃ አዲስ ከሆናችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ፓንክ የሚባለውን ሻካራና ፈጣን የሮክ ዓይነት ይበልጥ አፈጠኑትና አሳጠሩት። አንድ ዘፈን ሁለት ደቂቃ ከሞላ ረዘመ ይባል ነበር። ሃርድኮር ያሉት እሱን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ አንዷ ዋና መናኸሪያው ነበረች። ጥቂት ቆይቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ፍጥነቱ ብቻ የሰለቻቸው ልጆች ተነሡ። ጉልበቱን አልጣሉትም። ግን ዘፈኑን ማስረዘም፣ ማዘግየት፣ መሀል ላይ ድንገት ማቆም ጀመሩ። ፖስት ሃርድኮር የተባለው ይህ ነው፤ ፉጋዚ የሚባለው ባንድ በዚህ ይታወቃል። ለኮንሰርት መግቢያ 5 ዶላር አካባቢ ብቻ ነበር የሚያስከፍለው፤ ለጋ ወጣቶችም እንዲገቡ ይከራከር ነበር። ሪፊውዝድ የእነዚህ ሰዎች ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

«ይሄ ምን ዓይነት ጩኸት ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባለቤቴም ያለችው ይህንኑ ነው። የሸዋ ሰው ግን ለእንዲህ ያለ ጩኸት እንግዳ አይደለም። መንዝ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ሊያቅራሩ ተነሡ። ማይክ ሳቀብላቸው በእጃቸው ገፉት። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ድምፃቸው ከእኔ ሞንታርቦ ያላነሰ ርቀት ሄደ። ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ያደገ ሰው የዘፋኙን የዴኒስ ሊክሴንን ድምፅ ባይወደው እንኳ ምን እያደረገ እንደሆነ ይገባዋል። ቃሉን በዜማ አያባብለውም። ይወረውረዋል።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ።

ስድስተኛውን አስቀድሙ። «ኒው ኖይዝ» ይባላል፤ ከአልበሙ ሁሉ የታወቀው እሱ ነው። ጊታሩ ብቻውን፣ ታፍኖ ይጀምራል። ድራሙ ይገባል። ሌላው ይከተላል፤ እያደገ፣ እያደገ ይሄዳል። አሁን ፈነዳ ስትሉ ሁሉም ጥሎ ይወጣል። ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ዴኒስ ይጮኻል፤ ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ስሰማው በመጋዘኔ ትልቁ ስፒከር ነበር፤ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ምስጢሩ ምን እንደሆነ ለማየት ደጋግሜ ሚክሰሩ ላይ ከፈትኩት። የሚጮኸው ክፍል ከመጀመሪያው ክፍል በመለኪያው ላይ እንዳሰብኩት ያህል አይበልጥም። ጆሮዬ ግን እጥፍ አድርጎ ነው የሰማው። ከፊቱ የተተወው ባዶ ቦታ ነው እንዲያ ያደረገው።

ይህን የምለው ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ሰርግ ላይ ሥራችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሚዜው ይመጣል፤ «ጨምርበት!» ይላል። እንጨምራለን። ኪቦርዲስቱ አልተሰማኝም ይላል። እሱንም እንጨምራለን። ዘፋኙ ኤኮ አብዛልኝ ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ነገር ቀይ ላይ ነው፤ ማይኩ ያፏጫል፣ ቤዙ ድንኳኑን ያርገበግባል፣ ግጥሙ ግን አንድም ቃል አይሰማም። ጨምረን ጨምረን የምንደርስበት ቦታ ዝም ያለ ያህል ነው፤ ሰው ጆሮው ደንዝዞ ወሬውን ይቀጥላል። እነዚህ ስዊድኖች መቀነስን ያውቁበታል። አልበሙን የቀዱት ባንዱን ባቋቋሙባት የስዊድን ከተማ በኡሜኦ፣ ቶንቴክኒክ በሚባል ስቱዲዮ ነው። ፔሌ ሄንሪክሰንና ኤስኪል ሎቭስትሮም አብረዋቸው ሠርተዋል። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ኮፍያዬን አነሣለሁ።

ሦስተኛው «ዘ ዴድሊ ሪዝም» ነው። እዚህ የጃዝ ኮንትራባስ ጣልቃ ይገባል። የአልበሙ ስምም ከጃዝ የመጣ ነው፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ኦርኔት ኮልማን በ1959 ያወጣውን አልበም ስም ጃዝ የሚለውን ፓንክ አድርገው ወሰዱት። ድፍረት ነው። ያ አልበም በጊዜው የጃዝ ሰዎችን ለሁለት የከፈለ ሥራ ነበር። እነዚህ ልጆችም የራሳቸውን ሠፈር ሰዎች ለማናወጥ እንደመጡ በስሙ እየነገሩን ነው።

አሥራ አንደኛው «ታንሆይዘር» 8 ደቂቃ ይሆናል። በቫዮሊን ይጀምራል። ማሲንቆ የለመደ ሰው እዚህ ጋ ጆሮውን ይሰጣል። ቫዮሊኑ ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን ከባድ ነገር መንገድ የሚጠርግለት እሱ ነው። ለኔ ከአልበሙ ሁሉ ትልቁ ዘፈን ይህ ነው። «ኒው ኖይዝ»ን ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ «ታንሆይዘር»ን ግን ታግሦ የሰማ ብቻ ነው የሚያገኘው።

የማልወደውንም ልናገር። አምስተኛው አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ የማይሞላ የድምፅ ሙከራ ነው። ለኔ ምንም አልጨመረልኝም። ግጥሞቹ ብዙ ቦታ መፈክር ይሆናሉ። ልጆቹ ግራ ዘመም ነበሩ፤ ካፒታሊዝምን ይቃወማሉ፣ የሙዚቃ ንግዱን ይቃወማሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ። ግን ሰው ምን እንደደረሰበት ሲነግረኝ ይበልጥ እሰማዋለሁ፤ ዓለም እንዴት መሆን እንዳለባት ሲያስተምረኝ እደክማለሁ። የዘጠነኛው ዘፈን ርዕስ ደግሞ ስድብ አለበት። ልጆች አጠገብ ሲዲውን የምትከፍቱ ወላጆች ይህን እወቁ። በሌላ በኩል ልጆቹ ራሳቸው መጠጥም ዕፅም አይነኩም ነበር። በዚያን ጊዜ ከኡሜኦ የሃርድኮር ወጣቶች ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ፤ ሥጋና ወተትም ዓመቱን ሙሉ ትተው እንደ ጾመኛ የሚኖሩ ሞልተው ነበር።

ኡሜኦ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ቀዝቃዛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የአክስቴ ልጅ ስለ ብርዷ ሲያወራ ሳቅሁበት። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ላይ ለምንኖር ሰዎች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካችን ስም ከከተማችን ስም ጋር ለሚጠራ ሰዎች፣ ስለ ብርድ አይወራም። ብርዱ አይደለም የሚለየን። መለማመጃ ክፍል ነው።

ስዊድን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቶች የሙዚቃ ትምህርት ቤት አላቸው። የጎልማሶች ትምህርት ማኅበራትም አሉ፤ ከመንግሥት ድጎማ ያገኛሉ። ባንድ ያቋቋሙ ልጆች እንደ ጥናት ቡድን ይመዘገቡና መለማመጃ ቦታ ያገኛሉ። ሶኬቱ የሚሠራ፣ ቁልፍ ያለው፣ ድራም ቢመታ ጎረቤት የማይቆጣበት ክፍል። ከአንዲት ሩቅ የሰሜን ከተማ ያን ያህል ባንድ የወጣው ልጆቹ ከኛ ልጆች ስለሚበልጡ አይደለም።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ጠባሴ ያለው ዕቃ ማስቀመጫዬ ውስጥ አምስት ልጆች ይለማመዱ ነበር። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሦስቱ የከተማው ልጆች። ጊታሩ የተዋሱት ነው። ድራሙ የኔ ነው፤ የአንዱ ቆዳ ተቀዶ በፕላስተር ይዘነው ነበር። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ገና ልጆች ነበሩ፤ ሮክ በአማርኛ እንደሚቻል ከዚያ ነው የተማሩት። ከዚያ በላይ መሄድ ፈለጉ። በአንቺሆዬ ቅኝት የሚጀምርና መሀል ላይ ወደ ጩኸት የሚገባ አንድ ዘፈን ነበራቸው። እኔ ምስክር ነኝ፤ ያ ዘፈን ትልቅ ዘፈን ነበር።

ከዚያ ጎረቤት አጉረመረመ። መብራት እየጠፋ ቀኑ ይባክን ጀመር። ድራመሩ አዲስ አበባ ሥራ አገኘና ሄደ። ሌላ ድራመር እስኪገኝ ሲባል ተማሪዎቹ ተመረቁ። ጠብ የለ፣ ስንብት የለ፤ አንድ ሳምንት ሳይመጡ ቀሩ፣ ቀጥሎ ባለው ሳምንትም አልመጡም። ያን ዘፈን ማንም አልቀዳውም። በስልክ እንኳ።

ሪፊውዝድም ያለችግር አልኖረም። ዴኒስ ሊክሴንና ድራመሩ ዴቪድ ሳንድስትሮም በ1991 ሲያቋቁሙት ገና ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው በ1994፣ ሁለተኛው በ1996 ወጣ። ቤዝ ተጫዋች አልበረክት አላቸው፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሲሄድ ነው የኖሩት። ሦስተኛውን አልበም ሲሠሩ ጊታር ተጫዋቾቹ ክሪስቶፈር ስቴንና ዮን ብራንስትሮም ነበሩ። ባንዱ ሃርድኮር ለሚወደው አድማጩ የለመደውን ትቶ ወደ ጃዝ፣ ወደ ኤሌክትሮኒክ፣ ወደ ቫዮሊን ሄደ። በርኒንግ ሃርት የተባለው የስዊድን አሳታሚ አወጣላቸው።

በ1998 መጸው አሜሪካ ለጉብኝት ሄዱ። እዚያ ሁሉም ነገር ተበላሸ። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ እርስ በርስ ተሰላችተዋል፣ መንገዱ ረጅም ነው። ጉብኝቱን ሳይጨርሱ መለያየትን ወሰኑ። የመጨረሻውን ሥራቸውን ያቀረቡት በፈረንጆቹ ኦክቶበር ውስጥ ቨርጂኒያ፣ ሃሪሰንበርግ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አራት ዘፈን እንደተጫወቱ ፖሊስ መጥቶ አስቆማቸው። በቃ። አልበሙ የወጣው በዚያው ወር ነው።

ሞንታርቦ ለሚሸከም ሰው ይህ ታሪክ ይከብዳል። ዕቃ ጭኖ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ድምፅ አስተካክሎ አራት ዘፈን። ከዚያ ገመድ መጠቅለል። ደግሞም ይህን አልበም በእጃቸው ይዘው! ያ ምድር ቤት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን እንደሰሙ ያወቁ አይመስለኝም።

ከተለያዩ በኋላ መግለጫ አወጡ። ዳግም አንድ ላይ አንጫወትም አሉ፤ ጋዜጦች ፎቶግራፋችንን ሁሉ ያቃጥሉ ብለው ጠየቁ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጀግንነት ያነበዋል። እኔ ውስጡ ሐዘን አነባለሁ። ሥራውን የሚጠላ ሰው ፎቶዬን አቃጥሉ አይልም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ስቴን በ2006 ስለነዚያ የመጨረሻ ወራት ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ሲዲው ካልደረሳችሁ ፊልሙን ፈልጉ።

በኛ ታሪክም አሜሪካ ላይ የፈረሰ ባንድ አለ። ዋሊያስ ባንድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለኮንሰርት ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ። በ1985 ብቻውን የቀዳው ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ዞሮ ሰማው። የሱ ታሪክና የሪፊውዝድ ታሪክ በምክንያት አይገናኙም፤ እነ ኃይሉን የያዛቸው የአገራችን የዚያን ጊዜ ሁኔታ ነው። አንድ ነገር ግን ያገናኛቸዋል። ሁለቱም ጋ ቅጂው ነበር። ቅጂው ስለነበረ ነው ሰው ዘግይቶም ቢሆን የደረሰበት።

ሪፊውዝድ ላይም እንደዚያው ሆነ። አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ያልነበሩበት ሰዎች ወደዱት። በ2000ዎቹ ስንት የሮክ ባንድ ከነሱ እንደተማረ ዘፈኖቹን ጎን ለጎን ስታደርጉ ትሰሙታላችሁ። በመጨረሻ ራሳቸውም በ2012 ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ ኮቼላ በተባለው ትልቁ የካሊፎርኒያ ፌስቲቫል ላይ ብዙ ሺህ ሰው ፊት ተጫወቱ። ቃላችሁን አፈረሳችሁ ያላቸው ነበር። እኔ አልልም። አራት ዘፈን ላይ የተቋረጠ ሰው አምስተኛውን መጫወት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በ2015ና በ2019 ሁለት አልበም ጨመሩ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ እዚያው ኡሜኦ ተሰናበቱ። የኋለኞቹን አልበሞች ሰምቻቸዋለሁ፤ ንጹሕ ሥራ ናቸው። የ1998ቱን ካልጨረሳችሁ ግን ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውሉ።

ስለ አሰማም ትንሽ ልበል። በስልክ ስፒከር አትስሙት። ቤዙ ይጠፋል፣ ጊታሩ ጆሮ ይቆርጣል፣ «ጩኸት ነው» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ሄድፎን ካላችሁ ርካሹም ይበቃል። ከዩቲዩብ ከሆነ ጥራቱን ከፍ አድርጉት፤ ዳታ ቢበላም ለዚህ ይበላ። ስፒከር ያላችሁ ደግሞ ትሬብሉን ትንሽ ቀንሱት፤ የአልበሙ ድምፅ ወደ ላይኛው ያደላል፣ ሲምባሉ ቶሎ ያደክማል። ኢኮላይዘር ላይ ቤዝ አትጨምሩ። የተተወው ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ እኔ «ኒው ኖይዝ»ን፣ ከዚያ «ዘ ዴድሊ ሪዝም»ን፣ ከዚያ «ታንሆይዘር»ን እመክራለሁ። ሦስቱ ከያዛችሁ ከአንድ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። የመጨረሻው ዘፈን በአኩስቲክ ጊታር የተሠራ ረጋ ያለ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባችሁ በተርታ ከሰማችሁ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ሲዲውን መስማት ከፈለጋችሁ መጋዘኔ ኑ፤ በትልቁ ስፒከር እከፍትላችኋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ነኝ፤ በሥራ ቀን ማታ ይሻላል። ክረምት ሲገባ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ክፍሉን ለሚለማመዱ ልጆች መልሼ እከፍታለሁ። ለድራሙ አዲስ ቆዳ አዝዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ የምትለማመዱትን ሁሉ ሚክሰሩ ላይ ቀድቼ አስቀምጣለሁ፤ ይህን የማይፈልግ ባንድ ሌላ ቦታ ይፈልግ።